ሲሮጡ የታጠቁት

ስለ ሩጫ ስናወራ የማትለየን አንዲት ቃል አለች፤ ወኔ። ልጆቻችን ሲያሸንፉ “በወኔ ሮጡ” እንላለን። ሲሸነፉ ደግሞ “የድሮዎቹ ወኔ የለም” እንላለን። አራተኛ የወጣው ወኔ አንሶት ነው፤ ያቋረጠው ወኔው ከድቶት ነው፤ ወርቅ ያመጣችው ወኔን ከአባት ከእናቷ ወርሳ ነው። ቡና ቤት ቴሌቪዥኑ ሥር ተሰብስበን፣ ማኪያቷችንን እያማሰልን፣ በሁለት ሰዓት ከምናምን ደቂቃ ውስጥ የሰውን ልጅ ወኔ ለክተን፣ መዝነን፣ ፈርደን እንነሣለን። ሂሳብ የምንከፍለው ግን ለማኪያቶው ብቻ ነው።

እኔ በዚህች ቃል ላይ ቅሬታ አለኝ። ቅሬታዬ ወኔ የሚባል ነገር የለም የሚል አይደለም። አለ እንጂ! የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል፣ ጎን ለጎን ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር፣ እግር “በቃኝ” ሲል ልብ “ትንሽ ቆይ” የሚለው ያ ነገር ወኔ ነው። ግን ወኔ የመጨረሻው ዙር ዕቃ ነው። ሐምሌ ላይ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሰውን ከብርድ ልብሱ ጎትቶ የሚያወጣ ወኔ እኔ አላየሁም። በዚያ ሰዓት ጀግና የለም። በዚያ ሰዓት ሁላችንም እኩል ነን፤ አንዳችን እንነሣለን፣ አንዳችን እንተኛለን። ልዩነቱን የሚፈጥረው ምንድነው? እኛ “ወኔ” ብለን ጥያቄውን ዘጋነው። መልስ ያገኘን መሰለን እንጂ ነገሩን በስሙ ጠርተን ማለፋችን ነው።

አንድ ሰሞን ማለዳ ማለዳ እንጦጦ እወጣ ነበር። ልሮጥ አይደለም፤ ሯጮቹን ላይ። ከፍታው ወደ 3 ሺህ ሜትር ይጠጋል፤ እንደኔ ላለው ሰው ደረጃ መውጣትም ሩጫ ነው። ከባሕር ዛፉ መሐል፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ በአንድ መስመር ተሰልፈው ይመጣሉ። አሥር፣ አሥራ አምስት ሆነው። የኋለኛው የፊተኛውን እግር እያየ፣ አንዱ የረገጠበትን ሌላው እየረገጠ፣ ዛፉን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየዞሩ። መፈክር የለም። “ትችላለህ!” የሚል የለም። እንዲያውም ወሬ ራሱ የለም። የሚሰማው የእግር ድምፅና ትንፋሽ ነው። ሲጨርሱ ቱታቸውን ደርበው፣ ተቃቅፈው ሰውነታቸውን እያፍታቱ ይሳሳቃሉ።

ከመካከላቸው አንዱን ልጅ ጠጋ ብዬ “ምንድነው በዚህ ብርድ ከእንቅልፍህ የሚያስነሣህ?” አልኩት። የሆነ ትልቅ ነገር ይለኛል ብዬ ነበር፤ ሰንደቅ ዓላማ፣ ኦሊምፒክ፣ የእናቴ እንባ፣ ምናምን። ልጁ ግራ ገብቶት አየኝና “ልጆቹ ይጠብቁኛላ” አለ። ቀጥሎም በትሕትና “እርስዎስ ጋሼ፣ ጠዋት ለሥራ ሲነሡ ምንድነው የሚያስነሣዎት?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ለሥራ መነሣት ምክንያት እንደሚጠየቅበት አስቤው አላውቅም። የቢሮ ሰዓት አለ፣ ሰርቪስ አለ፣ አለቃ አለ፤ እነሣለሁ። ለካ እሱም እንዲሁ ነው።

የታላላቆቹን ታሪክ ስንናገርም የምናዛባው እዚህ ላይ ነው። ምሩጽ ይፍጠርን እንውሰድ። ሕዝቡ “ማርሽ ቀያሪው” አለው። በመጨረሻ ላይ ድንገት ፍጥነቱን ለውጦ ሲፈተለክ አይተን የሰጠነው ስም ነው። ጥሩ ስም ነው፤ ያየነውን ይገልጻል። ያላየነውን ግን አይገልጽም። እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ፤ በ5 ሺህ ሜትሩ ሳይሰለፍ ቀረ። በ1976 የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲደርስ የአፍሪካ አገሮች የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ መጫወቱን ተቃውመው ወጡ፤ ኢትዮጵያም አብራ ወጣች። በሉ እንግዲህ፣ ሌላ አራት ዓመት! በ1980 ሞስኮ ላይ 10 ሺውንም 5 ሺውንም አሸንፎ ሁለት ወርቅ ይዞ ተመለሰ። ከሙኒክ እስከ ሞስኮ ስምንት ዓመት ነው። ስምንት ዓመት ማለት ከ2 ሺህ 900 በላይ ጠዋት ነው። እኛ ማርሹን አየን። ሞተሩ እንዴት ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ እንደቆየ ግን ጠይቀን አናውቅም።

አበበ ቢቂላንም እንዲሁ ነው ያደረግነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን ሁሉም ያውቃል። ቶኪዮ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ በ2:12:11 የዓለም ክብረ ወሰን እንዳሻሻለም እናወራለን። የማናወራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ መንቀሳቀስ ካቆሙ በኋላ ይህ ሰው ቀስት ይዞ እንግሊዝ አገር ለአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀረበ፤ በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። ሜዳሊያው ቤቱ ሞልቷል፤ ዓለም ስሙን ያውቃል፤ ከዚህ በላይ የሚያረጋግጠው ነገር አልነበረም። ለእኔ ከሮም ባዶ እግር ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል። ልምምድ የለመደ ሰው እግሩ ሲወሰድበት በእጁ ይለማመዳል።

ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ አጠለቀች። ወለደች፤ ተመልሳ በ2000 ሲድኒ ላይ ደገመችው። ከዚያም በ2009፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ከባርሴሎና 17 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። 17 ዓመት ሙሉ የሚነድ ወኔ የት ይገኛል? እንዲህ ያለ እሳት ሰውን ራሱን አቃጥሎ ይጨርሰዋል።

ከሁሉም ግን የታምራት ቶላን ነገር እወደዋለሁ። ለ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ታምራት ተጠባባቂ ነበር። ተጠባባቂ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናስበው እስቲ። ሌሎቹ የሚሠሩትን ልምምድ ሁሉ ትሠራለህ፤ ያንኑ ዳገት ትወጣለህ፤ ያንኑ ሰላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ትጨርሳለህ፤ ሩጫው ቀን ግን ቤትህ ሆነህ በቴሌቪዥን ልታይ ትችላለህ። ማንም አያጨበጭብልህም፤ ማንም ፎቶ አያነሣህም። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው የቦስተኑ አሸናፊ ሲሳይ ለማ በጉዳት ወጣ፤ ታምራት ተተካ። ያንን አስቸጋሪ የፓሪስ ዳገት ወጥቶ፣ ወርዶ፣ በ2:06:26 ወርቅ አጠለቀ፤ የኦሊምፒኩንም ክብረ ወሰን ሰበረ። “ዕድለኛ ነው” አሉ አንዳንዶች። ዕድል የሰጠው የመነሻውን መስመር ብቻ ነው። በሁለት ሳምንት ለማራቶን የሚዘጋጅ ሰው የለም። ታምራት የተዘጋጀው እንደማይሮጥ በሚታሰብበት ጊዜ ነው። ማንም ሳይጠራው ዝግጁ ሆኖ ቆየ።

እዚህ ላይ “ታዲያ ይሄ ወኔ አይደለም ወይ?” የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ስሙን የፈለጋችሁትን በሉት። ግን ወኔ ካላችሁት ከአፈር፣ ከደም፣ ከዘር የሚመጣ ተአምር ይመስልና ለሌላው ሰው የሚተርፍ ትምህርት አይገኝበትም። አንዱ አለው፣ ሌላው የለውም፤ አለቀ። ልማድ ካላችሁት ግን እንዴት ይሠራል፣ ማን ይሠራዋል፣ ምን ያፈርሰዋል ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እኔ የምፈልገው ይህንን ጥያቄ ነው።

ወደ እኛ ወደ ተራዎቹ እንምጣ።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከተጀመረ፣ ከ1994 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ ማለት ነው፣ አዲስ አበባ በየዓመቱ አንድ ወረርሽኝ አለባት። መጀመሪያ ላይ 10 ሺህ ሰው ነበር የሮጠው፤ ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ይሮጣል። ወረርሽኙ ጥቅምት ላይ ይጀምራል። ቦርጭ ያወጣ ሁሉ ስኒከር ይገዛል። ቢሮ ውስጥ “አንተ በስንት ሰዓት ትገባለህ?” ይባባላል። ካናቴራዋ ስትመጣ እንደ ዲግሪ ትታያለች። ሩጫው ሳምንት ሲቀረው፣ ዓመቱን ሙሉ ከመኪናው ወደ ሊፍት፣ ከሊፍት ወደ ወንበር የተመላለሰው ሰው፣ ተነሥቶ በመጀመሪያ ቀኑ እንደ ቀነኒሳ ይፈተለካል። በሁለተኛው ቀን ጉልበቱን ይይዛል። በሦስተኛው ቀን “ለእኔ የሚሆን ስፖርት አይደለም” ይላል። የሩጫው ቀን ግማሹን ሮጦ፣ ግማሹን ጨፍሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ጨዋታው ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ማግስቱን ስኒከሩ አልጋ ሥር ይገባል፤ እስከ መጪው ጥቅምት አይወጣም።

አባቶች “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ያሉት ለዚህ ነው። ተረቱ ስለ ችኮላ ነው እንላለን፤ እኔ ስለ ልምምድም ነው እላለሁ።

የሚገርመው፣ ይህንን ነገር ያጠኑ ሰዎች አሉ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው፣ አዲስ ነገር ሳያስቡት የሚሠሩት ልማድ እስኪሆን ስንት ቀን ይፈጃል ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ውጤት መካከለኛው ቁጥር 66 ቀን ሆነ። እንደ ሰዉና እንደ ነገሩ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይለያያል። ሌላም ደስ የሚል ነገር አግኝተዋል፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አያፈርሰውም። አሁን ሂሳቡን እንሥራ። መስከረም 1 ቀን፣ በእንቁጣጣሽ፣ ሩጫ የጀመረ ሰው ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ሲደርስ ስንት ቀን ይሆነዋል? ወደ ሰባ ቀን። ልማዱ ገና ከሰውነቱ ጋር መዋሐዱ ነው። እኛ የምናቆመው ደግሞ በዚያው ቀን ነው! ቡቃያው ገና ብቅ ሲል “መኸሩ አለቀ” ብሎ እንደሚሄድ ገበሬ።

ችግሩ ያለው ማቆሙ ላይ ብቻ አይደለም፤ አጀማመሩ ላይም ነው። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ጀማሪው በሦስተኛው ሳምንት ትንፋሹ ሲከፈትለት ጉልበቱም የተከፈተለት ይመስለዋል፤ ይጨምራል፤ ይጎዳል። የኛ ታላላቆች ግን ቀስ ማለት ያውቁበታል። ከባዱ ልምምድ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ነው። በሌሎቹ ቀናት፣ በተለይ ጫካ ውስጥ፣ የሚሮጡትን ሩጫ ያየ የውጭ አገር ሰው “እነዚህ ናቸው የዓለም ሻምፒዮኖቹ?” ይላል። ሽማግሌ የሚያልፋቸው ይመስላል። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለውን እኛ እናወራዋለን፤ እነሱ ይሮጡታል። ከተሜው ግን ዛሬ ጀምሮ ዛሬ መድከም ይፈልጋል። ካልደከመ የሠራ አይመስለውም። ነገ ደስ ብሎት የሚመለስበትን ያህል ማስቀረት አያውቅም።

ደግሞም እንሩጥ ብንል መንገዱ ራሱ አያስሮጥም። በከተማችን አንድ ሰው ቱታ ለብሶ ከሮጠ የመንገዱ ሁሉ ጉዳይ ይሆናል። “አይዞህ ኃይሌ!” ይባላል። አንዴ ሲባል ያስቃል፤ አሥር ጊዜ ሲባል ያሳፍራል። ወፍራም ከሆነማ ታክሲ ተራ ያለው ሁሉ አሠልጣኝ ይሆንበታል። ሴት ከሆነች የባሰ ነው። “ደራርቱ!”፣ “ጥሩዬ ቀስ!” ከሚለው ተነሥቶ ወደማይጻፈው ይሄዳል። ጎህ ሳይቀድ እንዳትወጣ ጨለማውን ትፈራለች፤ ሲነጋ እንዳትወጣ አፉን ትፈራለች። ከዚያ እኛ ቁጭ ብለን “ሴቶቻችን ስፖርት አይወዱም” እንላለን። ስንት ልማድ በ20ኛው ቀን በአንድ ቀልደኛ አፍ እንደሞተ ማን ይቁጠረው? ወኔ አይኑራት ማለት አይደለም፤ ለመሮጥ ብቻ የሚያስፈልገውን ወኔ ስድብ ለመቻል አስጨረስናት።

በዚህ መሐል አንድ አዲስ ገበያ ደርቷል፤ የአነቃቂ ንግግር ገበያ። አዳራሽ ሞልቶ ይጨበጨባል። “ተነሥ! ትችላለህ! ዛሬውኑ!” ይባላል። የአትሌቶቻችን ስምም እዚያ መድረክ ላይ እንደ ቅመም ይነሰነሳል። ሰዉ ሲወጣ ፊቱ ያበራል። በሦስተኛው ቀን ግን ያው ነው። ጥፋቱ የሰዉ አይደለም፤ ክብሪት ብቻውን ወጥ አያበስልም። ማገዶ ያስፈልጋል፣ ጉልቻ ያስፈልጋል፣ ድስቱን የሚያማስል ሰው ያስፈልጋል። አነቃቂው የሚሸጠው ክብሪት ነው። ክብሪቱ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ክብሪት ይሸጥልናል። ይባስ ብሎ፣ እሳቱ ያልያዘለት ሰው “እኔ ነኝ የማልረባው” እያለ ይመለሳል። ንግግሩ ሁሉ “ሁሉም በአንተ እጅ ነው” የሚል ነበርና፣ ሲቀር ጥፋቱም በእሱ እጅ ነው።

እኔ የሚገርመኝ፣ ይህንን መድኃኒት ከውጭ የምናስመጣው ቤታችን ውስጥ ሞልቶ ሳለ ነው። እስቲ አስቡት። እቁብ ለመጣል ተነሣሽነት ያስፈልገዋል የሚባል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወደ እድር ስብሰባ የሚሄድ ሰው “ዛሬ ስሜቱ የለኝም” ይላል? ይላል እንጂ፤ ግን ይሄዳል። ቀኑ የታወቀ ነው። ሰዓቱ የታወቀ ነው። ስም ይጠራል። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ተቀምጧል። የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱም ኪስ የሚጎዳ አይደለም፤ የሚከብደው “እገሌ ዛሬም ቀረ” መባሉ ነው። አያቶቻችን የሰው ልጅ ፈቃድ እንደ ሐምሌ ፀሐይ አንዴ ወጥታ አንዴ እንደምትጠፋ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ትልቁን ነገር፣ ለቅሶውንም ቁጠባውንም፣ በስሜት ላይ አልጣሉትም። በሰው ላይ፣ በቀን ላይ፣ በመዝገብ ላይ ጣሉት።

አትሌቶቻችን ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ማይክል ክራውሊ የሚባል አንድ እንግሊዛዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ፣ ራሱም ጎበዝ ሯጭ፣ ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ አብሮ ሮጦ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። ከተማራቸው ነገሮች አንዱ፣ ልጆቹ ብቻውን የሚሮጥን ሰው እንደ ሯጭ የማይቆጥሩት መሆኑን ነው። ብቻ መሮጥ ለጤና ነው፤ ለመለወጥ የፈለገ ከሰው ጋር ይሮጣል። ተራ በተራ እየመሩ፣ አንዱ የሌላውን ንፋስ እየመከተ። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እያልን ያደግን ሰዎች ነን። እንጦጦ ላይ “ልጆቹ ይጠብቁኛላ” ያለኝ ወጣት የተናገረው ይህንኑ ነው።

ይህንን ሁሉ የምለው ቦርጫችን አሳስቦኝ ብቻ አይደለም። የእኛ ነገር ቢቀር ቢበዛ ስኒከር ነው የሚባክነው። የሚያሳስቡኝ ሌሎቹ ናቸው።

በየዓመቱ ከአርሲ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ ስንት ልጆች በአንድ ጫማ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዙሪያዋ ይመጣሉ። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ አንድ ክፍል ቤት ለሦስት ለአራት ይከራያሉ። ክለብ ያለው ደመወዝ፣ ሰርቪስና አሠልጣኝ አለው። ክለብ የሌለው በሻይና በዳቦ ይለማመዳል። ትምህርቱን አቋርጧል። ቤተሰብ አንድ ቀን በቴሌቪዥን ይታይልናል ብሎ ይጠብቃል። ለዚህ ልጅ እኛ የምንሰጠው ምንድነው? “ወኔ ይኑርህ” የሚል ምክር! በባዶ ሆድ ሰላሳ ኪሎ ሜትር የሮጠ ልጅ ሲደክም “ወኔ የለውም” ይባላል። ምግብ አላገኘም አንልም። ጫማው ስላለቀ ቁርጭምጭሚቱን ታመመ አንልም። የሚያየው ሐኪም የለም አንልም። ወኔ የምትለዋ ቃል ለእኛ የምትመቸን ለዚህ ነው፤ ዕዳውን ሁሉ ከእኛ አንሥታ በልጁ ጫንቃ ላይ ታደርግልናለች።

በቆጂን እንይ። ከዚያች ትንሽ ከተማ ደራርቱ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ፣ የዲባባ ቤት እህትማማቾች ወጡ። “አየሩ ነው”፣ “ወተቱ ነው”፣ “ደማቸው ነው” ተባለ። አየሩማ በስንቱ ከተማችን አለ። በቆጂ ሌላ ቦታ ያልነበረ አንድ ነገር ነበራት፤ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የትምህርት ቤት መምህር። ልጆቹን በማለዳ ሜዳ ላይ የሚያሰልፍ፣ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ የሚያውቅ ሰው። የእቁቡ ጸሐፊ ማለት ነው! የቀድሞዎቹን የብሔራዊ ቡድን ልጆች የምታስታውሱ ደግሞ የዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን ቁጣ ታስታውሳላችሁ። ሰውየው ኃይለኛ ነበሩ ይባላል። ግን ልጅ ሲቀር የሚቆጣ ሰው አለ ማለት፣ ልጁ መቅረቱን ያየ ሰው አለ ማለት ነው።

ሜዳውስ? ጃን ሜዳ ለስንት ትውልድ የከተማው የልምምድ ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛወረ፤ ለወራት ሽንኩርትና ቲማቲም ተሸጠበት፤ ሜዳው በጭቃ ተቦካ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ ገበያው የሆነ ቦታ መሄድ ነበረበት፤ ይገባኛል። የማይገባኝ፣ በየሰፈሩ ልጅ የሚሮጥበት ባዶ ሜዳ ወሰን ተካሎ፣ ቆርቆሮ ታጥሮ፣ ፎቅ ሲበቅልበት “ይህ ቦታ እኮ ሥራ ላይ ነበር” የሚል መጥፋቱ ነው። ለእኛ ባዶ መሬት ነው፤ ለልጆቹ የጠዋት ቀጠሯቸው ነበር። ሜዳው ሲሄድ ቀጠሮው ይሄዳል፤ ቀጠሮው ሲሄድ ልማዱ ይሄዳል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ቡና ቤት ተቀምጠን “የዘንድሮ ልጆች ወኔ የላቸውም” እንላለን።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ስለ መጽናት ብቻ እናወራለን፤ ስለ ማቆም ማንም አያወራም። ከመቶ ልጅ ዓለም የሚያውቀው አንድ ቢገኝ ትልቅ ነገር ነው። ዘጠና ዘጠኙ አንድ ቀን ያቆማሉ። በወኔ ቋንቋ ማቆም ክህደት ነው፤ ስለዚህ ልጁ ወደ ቤቱ መመለስ ያፍራል፤ በ28 ዓመቱም በዚያችው ክፍል “ዘንድሮ ይሆናል” እያለ ይቀመጣል። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሣ፣ ለጓደኛው ንፋስ የመከተ፣ ያለ ጭብጨባ የሠራ ሰው እኮ የትኛውም መሥሪያ ቤት ሊሻማበት የሚገባ ሰው ነው! ያንን የሚነግረው አሠልጣኝ፣ ያንን የሚቀበል ቀጣሪ፣ የተቋረጠውን ትምህርት የሚያስቀጥል ክለብ ቢኖር፣ ልጆቹ በልምምዳቸውም የበለጠ በጸኑ ነበር። መውጫ ያለው ሰው ሳይፈራ ይገባል።

እንግዲህ መሮጥ ለምትፈልጉ፣ እኔ ከምለው የሚተርፋችሁ ጥቂት ነው። ብቻችሁን አትጀምሩ። ከጎረቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ፈልጉ፤ ቀንና ሰዓት ቁረጡ፤ የቀረ ሰው የማኪያቶ ይክፈል። በመጀመሪያው ወር ወሬ እያወራችሁ መሮጥ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋልና ቀንሱ። አንድ ቀን ብትቀሩ አትደንግጡ፤ ሁለት ቀን ከቀራችሁ ግን አንድ ሰው ይደውልላችሁ። ታላቁ ሩጫ ሲያልፍ ማግስቱን እረፉና በሦስተኛው ቀን ተገናኙ።

ለማትሮጡት ደግሞ፣ ማለትም ለአብዛኞቻችን፣ የቤት ሥራው ይቀላል። በመንገድ ላይ የምትሮጥ ሴት ስታዩ ዝም በሉ። በሰፈራችሁ ሜዳ ሲታጠር ለምን ብላችሁ ጠይቁ። በሚቀጥለው ኦሊምፒክ ልጃችን አራተኛ ሲወጣም ስለ ወኔው ከመፍረዳችሁ በፊት፣ ላለፉት አራት ዓመታት ጠዋት ጠዋት ማን ይጠብቀው እንደነበር ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።